የኮምፒዩተር ወኪሎችን በደቦ ስለ ማሠራት

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ተረቱ እውነት ነው። ነገር ግን የኮምቦልቻን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እያየን ያደግን እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አንድ ነገር ልንጨምርበት ይገባናል፤ ይኸውም ድር ስለ በዛ ብቻ ጨርቅ አይሆንም። ድሩ በሥርዓት ካልተዘረጋና ማጉ በተራው ካልገባ የሚገኘው ጨርቅ ሳይሆን የተወሳሰበ ክር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት ጉዳይ ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ፕሮግራሞች ራሳቸው ሌላ ፕሮግራም ለመጻፍ ችለዋል። ከዚያም አልፎ አንዱን ብቻ ሳይሆን ብዙዎችን በአንድ ጊዜ አሰልፎ እንደ ደቦ ማሠራት እየተለመደ መጥቷል። እኔም ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ቅሬ መዝገብ ላይ ይህንኑ ሞክሬ፣ በመጀመሪያ ተሳስቼ፣ በኋላም ታርሜ የተማርሁትን ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማካፈል ብዕሬን አነሣሁ።

ወኪል ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ ስንጠይቀው መልስ የሚጽፍልንን ፕሮግራም ብዙዎቻችን በስልካችን እናውቀዋለን። ቻትጂፒቲ የተባለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር ለተማሪ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም መልሱን ሰጥቶ ዝም ይላል። «ኤጀንት» የሚባለው፣ እኔ በአማርኛ «ወኪል» የምለው፣ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። ወኪሉ ሥራ ሲሰጠው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ከፍቶ ያነባል፤ ኮድ ይጽፋል፤ የጻፈውንም ራሱ ያስኬደዋል፤ ስሕተት ሲያጋጥመው የስሕተቱን መልእክት አንብቦ እንደ ገና ያርማል። ሥራው አለቀ እስኪል ድረስ በዚሁ ዙር ይመላለሳል።

ከወኪሎች ጋራ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ወኪል ያልተነገረውን አያውቅም። ሥራውን ሲጀምር እንደ አዲስ ሠራተኛ ነው፤ ትናንት ከሌላው ወኪል ጋራ የተነጋገርነውም በጽሑፍ ካላገኘው በቀር ለእርሱ እንዳልተነገረ ይቈጠራል። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጽሑፍ ልክ አለው። ሥራው እየረዘመ ሲሄድ በመጀመሪያ የተነገረውን ችላ ማለት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ያልተነገረውን ነገር ጠይቆ ከመረዳት ይልቅ ብዙ ጊዜ ገምቶ ያልፈዋል፤ ግምቱንም እንደ እውነት አድርጎ ይሠራበታል። የኋላው ታሪኬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያው ሙከራችን

በወሎ ቅሬ ምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣ፣ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳን ተክሎ፣ ቀብር አስፈጽሞ፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው። መዋጮውን የሚመዘግቡት በትልቅ ደብተር ነው። ዓይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ አንድ ቀን ጠርተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ይህን ነገር በኮምፒዩተር አድርግልኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ በደስታ ተቀበልሁ።

የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ በሚገኘው በወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኮምፒዩተር ትምህርት ይከታተላል፤ ላፕቶፕም አለው። ስለዚህ በየቅዳሜው ከደሴ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የሐረጎን ቍልቍለት ወርጄ ወደ እርሱ መሄድ ጀመርሁ። ሁለታችንም ቸኵለን ስለ ነበር በመጀመሪያው ቀን ሦስት ወኪሎች በአንድ ጊዜ አስነሣን። አንደኛው መዋጮውን እንዲመዘግብ፣ ሁለተኛው የእያንዳንዱን አባል ውዝፍ እንዲያሰላ፣ ሦስተኛው ዝርዝሩን እንዲያዘጋጅ አልናቸው። ለሦስቱም የሰጠናቸው ማብራሪያ «የቅሬ መዋጮ መዝገብ ሥሩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ሦስቱም «ሥራው ተጠናቋል» ብለው ጠበቁን። እኛም በዓለም ላይ እንደ እኛ ያለ ባለሙያ የሌለ መስሎን የሦስቱን ዓመት፣ ማለት የ2015ን፣ የ2016ንና የ2017ን መዋጮ አስገብተን ዝርዝሩን አሳተምን።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጸሐፊው ቤት ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች ከተመለከቱ በኋላ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ በዚህ ወረቀት ከሄድን እኔን ራሴንም የሚቀብረኝ የለም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በቅሬያችን ደንብ የሦስት ወር ውዝፍ ያለበት አባል ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ርዳታ አይሰጠውም። በወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ ወር እንኳ ሳያጓድል የከፈለው ሁሉ የሦስት ወር ባለ ዕዳ ሆኖ ተጽፏል። በአንድ ሌሊት ቅሬው በሙሉ ከቅሬው ተባረረ ማለት ነው!

ስሕተቱን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። አንደኛው ወኪል በዓመት 12 መዋጮ እንዲመዘገብ አድርጓል፤ ትክክል ነው፤ ቅሬው ለጳጉሜ ገንዘብ አይጠይቅምና። ሁለተኛው ወኪል «የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር ነው» ብሎ የ13 ወር ዕዳ አስልቷል፤ እርሱም ቢሆን በዓመቱ ወራት ቍጥር አልተሳሳተም። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ የጳጉሜ ውዝፍ እየተጨመረ በሦስት ዓመት ሦስት ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ ዝርዝሩን ባዘጋጀ ጊዜ ቀኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ጻፈው፣ አንባቢው ወረቀቱን ከደብተሩ ጋራ ለማስተያየት እንኳ ይቸገር ነበር። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ሦስቱም በየበኩላቸው ለሥራቸው ምክንያት ነበራቸው። የተበላሸው የሦስቱ ሥራ የተገናኘበት ቦታ ነው።

ከዚህ የባሰውን ግን አልነገርኋችሁም። የአጎቴ ልጅ ስሌቱን የሚፈትሽ አንድ አነስተኛ ሙከራ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ሙከራው ዓመቱን በ12 ወር ስለሚያስብ የሁለተኛው ወኪል ስሌት ወደቀ። ወኪሉ ግን ስሌቱን በማረም ፈንታ ሙከራውን ለውጦ 13 አደረገውና «አልፏል» ብሎ ጻፈ። በፈተና ጊዜ መልሱን ማስተካከል ቢያቅተው ጥያቄውን ሰርዞ እንደሚያስተካክል ተማሪ ማለት ነው።

ከደብተሩ የተማርሁት

አፍሬ አንገቴን ስደፋ ጸሐፊው፣ «አብሽር ልጄ፣ ደብተሩ አለ አይደል» ብለው ካጽናኑኝ በኋላ የቅሬውን አሠራር ነገሩኝ። «ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው መዝገብ አይዝም። መዝገብ የሚይዘው የሣጥኑን ቍልፍ አይዝም። ቍልፍ የያዘውን ደግሞ ሌላ ሰው ይቈጥረዋል። ይህን ያደረግነው እርስ በርሳችን ሌባ ስለ ተባባልን አይደለም፤ ሰው የገዛ ስሕተቱን ስለማያየው ነው» አሉኝ። እኔ ከኮምፒዩተር የፈለግሁት ትምህርት በደብተሩ ውስጥ ኖሯል ብዬ ተደነቅሁ።

የሠራተኛ ብዛት ብቻውን ሥራ እንደማያፋጥን የተረዱት የቅሬ አባቶች ብቻ አይደሉም። ፍሬድሪክ ብሩክስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ለሲስተም 360 ኮምፒዩተሮች የሚሆነውን እጅግ ሰፊ ፕሮግራም ሥራ መርተው ነበር። በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ በዘገየ የፕሮግራም ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጡን ያዘገየዋል። ምክንያቱም አዲሱን ሰው ማስተማር ጊዜ ይወስዳል፤ ደግሞም ሰው በጨመረ ቍጥር እርስ በርስ የሚያስፈልገው መነጋገር ከሰዉ ቍጥር አልፎ ይበዛል። ይህን በሒሳብ ማረጋገጥ ይቻላል። የሠራተኞቹን ቍጥር ከእርሱ በአንድ በሚያንሰው ቍጥር አባዝተን ለሁለት ብንከፍለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩበትን የመንገድ ብዛት እናገኛለን። ለ3 ሠራተኞች 3 መንገድ፣ ለ5 ሠራተኞች 10፣ ለ10 ሠራተኞች ግን 45 ይሆናል። ወኪሎችም እንደ ሰው ስለማይደክሙ ከዚህ ሕግ ነፃ ናቸው ማለት አይቻልም።

ለዚህም ከቅርቡ ዘመን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2026 የአንትሮፒክ ኩባንያ ተመራማሪ የሆነው ኒኮላስ ካርሊኒ 16 ወኪሎችን አሰልፎ አንድ ኮምፓይለር እንዳሠራ አስታውቋል። ኮምፓይለር ማለት ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ መኪናው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። ሥራው ወደ 100,000 መስመር የሚጠጋ ኮድ ሲሆን፣ ወጪው 20,000 ዶላር ያህል ነበር። እያንዳንዱ ወኪል የሚሠራውን ሥራ በአንድ የጋራ ቦታ ጽፎ ያስቀምጥ ነበር፤ ሌላውም ያንን ሲያይ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ጥቃቅኑ ሥራ በዚህ መንገድ መልካም ሆኖ ሄደ። ሊኑክስ የተባለውን ታላቅ ፕሮግራም ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ ግን 16ቱም በአንድ ስሕተት ላይ ወደቁ፤ 16ቱም ያንኑ ስሕተት እያረሙ አንዱ የሌላውን ሥራ ይሽረው ጀመር። መፍትሔ የተገኘው አብዛኛውን ፋይል በቀድሞው ኮምፓይለር በጂ.ሲ.ሲ. እያስተረጐሙ፣ የቀረውን ጥቂት ፋይል ብቻ ለአዲሱ በመስጠት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ወኪል የየራሱን ስሕተት በየራሱ ፋይል ለመፈለግ ቻለ። እንግዲህ 16 አጫጆች በአንድ ስንዴ ራስ ላይ ቢረባረቡ ማጭድ ለማጭድ ይጋጫሉ እንጂ እርሻው አይታጨድም። በደቦ ጊዜ ባለ እርሻው ለእያንዳንዱ ቦታ ቦታውን የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሙከራችን

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ በሙሉ ትተን እንደ ገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ የተከተልነው ሥርዓት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሕጉን በጽሑፍ አኖርን። ከጸሐፊው ጋራ ተቀምጠን የቅሬውን አሠራር በአንድ ገጽ ጻፍነው። «መዋጮ በዓመት 12 ነው፤ የጳጉሜ መዋጮ የለም፤ ቀን የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ብቻ ነው» የሚለው በመጀመሪያው መስመር ላይ ገባ። ማንኛውም ወኪል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይህን ገጽ እንዲያነብ ታዘዘ። የአባላቱን ስም ግን ለወኪሎቹ አልሰጠንም፤ የሰው ምስጢር ነውና በስም ፈንታ የአባልነት ቍጥር ብቻ ተጠቀምን።

ሁለተኛ፣ ሥራው የሚገናኝበትን ቦታ አስቀድመን ወሰንን። አንድ መዋጮ ሲመዘገብ የአባል ቍጥር፣ ወር፣ ዓመት፣ የገንዘብ መጠንና የደረሰኝ ቍጥር እንዲኖረው፣ ቅደም ተከተሉም ይኸው እንዲሆን ተስማማን። ይህን ቅርጽ ከእኛ በቀር ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ወኪል ድንበር ሰጠነው። ጊት የተባለው፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው መሣሪያ ለአንድ ሥራ ብዙ ቅጂ ለማውጣትና በኋላ መልሶ ለማዋሐድ ያስችላል። በዚህ መሣሪያ ለየወኪሉ የራሱን ቅጂ ከፈትንለት፤ የሚነካቸውንና የማይነካቸውንም ፋይሎች በዝርዝር ነገርነው። የተሠራውን ስናዋሕድም አንዱን አይተን ካጸደቅን በኋላ ወደ ሌላው እንሄዳለን እንጂ ሁሉንም ባንድነት አላስገባንም።

አራተኛ፣ ፈተናውን ከሥራው በፊት አወጣን። ጸሐፊው ከደብተራቸው 10 ቤተ ሰብ መርጠው የእያንዳንዱን ውዝፍ በእጃቸው አሰሉልን። ፕሮግራሙ ያንኑ ቍጥር ካላመጣ አላለፈም። የፈተናውንም ፋይል ወኪሎቹ እንዳይነኩት ቈለፍነው።

አምስተኛ፣ የሚመረምረውን ከሚሠራው ለየነው። የአጎቴ ልጅ እኅት በልብስ ስፌት ሥራ ላይ ቈይታለች። እርሷ እንደ ነገረችን፣ ጃኬት በሚሰፋበት መስመር ላይ አንዷ ኪስ፣ አንዷ እጅጌ፣ አንዷም ኮሌታ ትሰፋለች፤ በመጨረሻ የቆመችው ተቈጣጣሪ ግን ራሷ አትሰፋም፤ ሥራዋ ገልብጦ ማየት ብቻ ነው። እኛም በኮዱ ሥራ ያልተካፈለና ንግግራችንን ያላየ አንድ ወኪል ለብቻው አስነሥተን፣ «አመስግን» ሳይሆን «ጕድለት ፈልግ» አልነው። የቀደመው ወኪል ያላየውን ሁለት ስሕተት አገኘ።

ስድስተኛ፣ ቍጥራቸውን ቀነስን። ሁለት ሠሪና አንድ መርማሪ ብቻ አስቀረን። ወኪሎች በበዙ ቍጥር ወጪውም የኢንተርኔቱም ፍጆታ ይበዛል። ከሁሉም በላይ ግን የእነርሱን ሥራ አንብቦ የሚፈርደው ሰው ሁለት ዓይን ብቻ ነው ያለው። አምስት ወኪሎች በአንድ ሰዓት የሚጽፉትን እኛ በአንድ ቀን አንብበን አንጨርሰውም፤ ሳናነብ ያሳለፍነው ደግሞ የእኛ ሥራ ሳይሆን የእኛ ዕዳ ይሆናል።

ዐሥረኛው ቤት

ሥራው ሲያልቅ ከዐሥሩ ቤተ ሰብ የዘጠኙ ልክ ሆኖ መጣ። ዐሥረኛው ግን አልገጥም አለ። በፕሮግራሙ የብዙ ወር ውዝፍ ያለበት ቤት በጸሐፊው ስሌት ዕዳ የለበትም። ኮዱን ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ ስሕተት አጣንበት። በመጨረሻ ደብተሩን ይዤ ጸሐፊውን ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «እርሷማ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ችግረኛ ናት። አባቶች ተመካክረን መዋጮውን ትተንላታል። በደንቡ ላይ አልተጻፈም፤ እንዲጻፍም አልፈለግንም» አሉኝ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ብዙ አሰብሁ። ወኪሎቹ ሕጉን እንደ ተጻፈው ፈጽመዋል፤ መርማሪውም ጕድለት አላገኘም። ሆኖም ፕሮግራሙን እንደ ነበረ ትተነው ቢሆን አንዲት ችግረኛ እናት በሐዘኗ ቀን «ባለ ዕዳ ነሽ» ትባል ነበር። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ሰውን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በጸሐፊው ምክር፣ የቅሬው አባቶች የወሰኑለት አባል ምክንያቱ ሳይጻፍ ውዝፍ እንዳይታሰብበት የሚያደርግ ምልክት ጨመርን። ምልክቱን የማድረግ ሥልጣን ግን የአባቶች እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም። እስከ ዓመቱ መጨረሻም ደብተሩና ፕሮግራሙ ጎን ለጎን እንዲሄዱ፣ ልዩነት በተገኘ ጊዜም ደብተሩ እንዲታመን ተስማማን።

ለትምህርት ጓደኞቼ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋራ በመተባበር «የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ» ሥልጠና ከጀመረች ወዲህ ብዙ ወጣቶች የኮድን ትምህርት ጀምረዋል። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ግን «መኪናው ራሱ ከጻፈው እኛ ለምን እንማራለን?» ሲሉ እሰማለሁ። መልሴ አጭር ነው። 13 የሚለው ቍጥር በየትኛው መስመር እንደ ገባ ያገኘነው ኮድ ማንበብ ስለምንችል ነው። ማንበብ ባንችል ኖሮ ያን ወረቀት ተቀብለን ለቅሬው እናድል ነበር። አሠሪ የሚሆን ሰው ሥራውን ከሠራተኛው ባያንስ ሊያውቀው ይገባል።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ወኪሎችን አሰልፎ ለማሠራት የሚያስብ ቢኖር፣ አስቀድሞ የሥራውን ሕግ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ድንበሩን ይለይ፤ ሠሪውንና መርማሪውን ያራርቅ፤ በመጨረሻም የወጣውን ሥራ ራሱ አንብቦ በስሙ ይፈርምበት። ድሩ ቢያብር አንበሳ ማሰሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ማን እንደ ዘረጋው፣ ማንንም እንደሚያስር አስቀድሞ ማወቅ የእኛ ፈንታ ነው።